«እማዬ ደረት ላይ የለጠፉላት ምንድን ነው?» ስለ ልብ ድካምና ስለሚለበሱ መከታተያዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባለ አንድ የልብ ድካም ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሥራዬ ስክሪን ማየት ነው። ቤታቸው ሆነው የሚታከሙ ሰዎች ደረት ላይ ከተለጠፈው ነገር፣ ከሚዛናቸውና ከግፊት መለኪያቸው የመጣውን ቁጥር አያለሁ፤ ደስ ያላለኝ ካለ ስልክ እደውላለሁ። አበሻ መሆኔ ስለታወቀ ከሥራ ሰዓት ውጭም ጥያቄው አይለቀኝም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ አንዴ ደግሞ ሰርግ ላይ ሳህን ይዤ ሰልፍ ላይ ቆሜ። አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መድኃኒት ጨምሩ፣ ቀንሱ የሚላችሁ ደግሞ የራሳችሁ ሐኪም ነው፣ እኔ አይደለሁም።

የልብ ድካም ማለት ልብ ሊቆም ነው ማለት ነው?

አይደለም። ልብ ደም የመግፋት አቅሙ ቀንሷል፣ ወይም ጡንቻው ጠንክሮ በደንብ አልሞላ ብሏል ማለት ነው። የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ድንገት ደረትን ሰቅዞ የሚይዘው ሌላ ነው። ሰው ሁለቱንም «ልብ ድካም» እያለ ስለሚጠራቸው ይምታታል፤ ያኛው ወደዚህኛው ሊያመራም ይችላል። ልብ መግፋት ሲያቅተው ኩላሊት ደም ያነሰ ይመስለውና ጨውና ውሃ ይዞ አልለቅም ይላል። ውሃው እግር ላይ ይወርዳል፣ ሆድ ይነፋል፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ደረት ላይ የሚለጠፈውም፣ ሚዛኑም፣ በኋላ የማነሳው እንደ ሰደርያ የሚለበሰውም የሚያሳድዱት ያንን ውሃ ነው።

ቀጠሮ አላት እኮ። ቤት ድረስ መከታተል ለምን አስፈለገ?

ቀጠሮዋ በሦስት ወር ነው፤ ውሃው ግን በቀናት ይጠራቀማል። ሰውየው ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ተነስቶ መስኮት ከመክፈቱ ከብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በፊት፣ በሳንባው የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት መጨመር ይጀምራል። በዚያ መሃል ብንደርስበት የውሃ ክኒን ለጥቂት ቀን ከፍ ተደርጎ ነገሩ ቤት ውስጥ ያልቃል። ካልደረስንበት ድንገተኛ ክፍል፣ ኦክስጅን፣ አልጋ፣ አንድ ሳምንት። እዚህ አሜሪካ በልብ ድካም ተኝተው ከወጡት ውስጥ ከአራት ወይም ከአምስት ሰው አንዱ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ ይተኛል።

ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ሆስፒታሎች ለዚህ ነገር የነቁት ለጽድቅ ብቻ ብለው አይደለም። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ፣ ታካሚዎቻቸው ቶሎ ቶሎ እየተመለሱ የሚተኙባቸውን ሆስፒታሎች ክፍያ ይቀንሳል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ለእናታችሁ ከጠቀመ እኔ ቅር አይለኝም።

ያለ ቀዶ ጥገና የሚለበሱት ምን ምን ናቸው?

በብዛት የምታዩት ደረት ላይ የሚለጠፈው ነው፤ ፓች እንለዋለን። ከትልቅ የቁስል ፕላስተር ብዙም አይለይም። የልብን ኤሌክትሪክ ያነባል፣ ሰውየው እየሄደ ይሁን ተቀምጦ ወይም ተጋድሞ ይለያል፣ የቆዳ ሙቀት ይለካል፣ አተነፋፈስንም ከዚያው ያወጣል። መረጃውን በብሉቱዝ ለስልክ ይሰጣል፣ ስልኩ ለእኛ ይልካል።

ሌላው የሳንባን ውሃ የሚገምተው ነው። ሬድስ የሚባለውን ሰደርያ መሰል መሣሪያ የሠራው ሴንሲብል ሜዲካል የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ነው፤ እስራኤል ያላችሁ ወገኖቻችን ክሊኒክ ውስጥ አይታችሁት ይሆናል። ቴክኖሎጂው የመጣው በግድግዳና በፍርስራሽ ውስጥ አሳልፎ ለማየት ከተሠራ ራዳር ነው። ደካማ የሬዲዮ ሞገድ በደረት ያሳልፋል፤ ሞገዱ በአየር ውስጥና በውሃ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚለያይ ሳንባው ስንት ከመቶ ውሃ እንደያዘ ይነግራል። ከ20 እስከ 35 ከመቶ ደህና ነው። ልብስ ማውለቅ የለም፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዞል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም በሬዲዮ ሞገድ የሳንባ ውሃ የሚከታተል፣ የሚለጠፍ መሣሪያ አለው።

ከዚህ በኋላ የእጅ ሰዓት፣ የክንድ ግፊት መለኪያና ጣት የሚነክሰው የኦክስጅን መለኪያ ይመጣሉ።

ሁለት ነገር እንዳይምታታባችሁ። ካርዲዮሜምስ የሚባለው በቀጭን ቱቦ በደም ሥር ተወስዶ ወደ ሳንባ በሚሄደው ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ነው፤ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን ወደ ሰውነት ይገባልና የዛሬ ወሬያችን አይደለም። ላይፍቬስት የሚባለው ሰደርያ ደግሞ ልብ ምቱ በአደገኛ ሁኔታ ሲዛባ በኤሌክትሪክ መትቶ የሚመልስ ነው። ሕይወት ያድናል፤ ውሃ ግን አይከታተልም።

ፓቹ እንዴት አድርጎ ከሰውየው ቀድሞ ያውቃል?

ሰውየውን ከራሱ ጋር እያስተያየ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይማራል፦ ይሄ ሰው ደረጃ ሲወጣ ልቡ ስንት ይመታል፣ ተኝቶ ስንቴ ይተነፍሳል። ከዚያ በኋላ ለተመሳሳይ እንቅስቃሴ ልቡ ከወትሮው በላይ መሥራት ከጀመረ ማንቂያ ይሰጣል።

በ2020 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። በአራት የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የታከሙ 100 የልብ ድካም ታካሚዎች እንዲህ ያለ ፓች እስከ ሦስት ወር ለጥፈው ቆዩ። በልብ ድካም ብሶባቸው ሆስፒታል ከተኙት ውስጥ ፕሮግራሙ ከ76 እስከ 88 ከመቶውን አስቀድሞ ለየ፤ ከመጀመሪያው ማንቂያ እስከ መተኛት ያለው ጊዜ መሃለኛው 6.5 ቀን ነበር። ስድስት ቀን ተኩል በእኛ ሥራ ብዙ ጊዜ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ጥናቱ የለካው መተንበይ ይችላል ወይ የሚለውን ነው፣ ሰው አዳነ ወይ የሚለውን አይደለም። ምንም ሳይኖር የሚጮህበትም ጊዜ አለ።

ሲጮህ ደግሞ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም። አንድ የስቅለት ዕለት የሥራ ባልደረባዬ ደንግጣ ጠራችኝ። ስክሪኑ ላይ የአንድ አባት መስመር ከጠዋት ጀምሮ ይዘላል፤ ሰውነታቸው ይወርዳል ይነሳል፣ ይወርዳል ይነሳል፣ ልባቸው ፈጥኗል። እሷ መሣሪያው የተበላሸ ወይ ሰውየው የሚጥል በሽታ የያዛቸው መስሏታል። እኔ ሳቄ መጣ። ስግደት ነው አልኳት። ማታ ደውዬ ግን ገሠጽኳቸው፤ ልባቸው በዚያ አቅም ለዚያ ሁሉ ስግደት አይሆንም፤ ቄሱም ተቀምጠው እንዲጸልዩ ነግረዋቸው ኖሮ እምቢ ብለው ነው።

ለምን ደውለው አይጠይቋትም? መሣሪያው ምን ያደርጋል?

ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። አንድ ጠዋት የአንዲት እናት ቁጥር አላማረኝም። ክብደታቸው በአራት ቀን 2 ኪሎ ከ300 ጨምሯል። ሌሊት የልብ ምታቸው ከወትሮው ፈጥኗል። ፓቹ ደግሞ ጋደም ሳይሉ ቀና ብለው እንዳደሩ ያሳያል። ደወልኩ።

«እንዴት አደሩ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። ልጆችሽ ደህና ናቸው? ባለቤትሽስ?»

ስለ ልጆቼ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ብርዱ ተነጋገርን። ትንፋሽዎስ ስላቸው «ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» አሉኝ። ከዚያ «ማታ የት ነው የተኙት?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«ሶፋው ላይ። አልጋው አልመች ብሎኝ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከእሑድ።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ልጃቸው እዚያው ቤት ትኖራለች፤ እሷም ቲቪ እያዩ እንቅልፍ እየወሰዳቸው መስሏታል።

እኛ ጋ «እንዴት ነህ» ሰላምታ ነው፣ መልሱም አንድ ነው። ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰውም «ደህና፣ ክብሩ ይስፋ» ይላል። ልጆቹን ላለማስጨነቅ፣ ሆስፒታል ላለመመለስ፣ ይሉኝታ ይዞት። ፓቹ ይሉኝታ የለውም። ፓች ባይኖራችሁ እንኳ ጥያቄያችሁን ቀይሩ፦ ስንት ትራስ ደርበሽ ተኛሽ? ጫማሽ ጠበበሽ? ሌሊት ሳል ቀሰቀሰሽ? ደረጃው ላይ ስንቴ አረፍሽ?

ግን ይሄ ሁሉ በእርግጥ ይጠቅማል ወይስ ንግድ ነው?

ሁለቱም አለበት። ታሪኩን ላሳጥረው።

በ2010 አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ወጣ፤ 1,653 ሰዎች ነበሩበት። ግማሾቹ በየቀኑ ወደ አንድ አውቶማቲክ ስልክ እየደወሉ ስለ ሕመማቸውና ስለ ክብደታቸው እንዲመልሱ ተደረገ። ውጤት? ምንም ልዩነት የለም። ከተመደቡት 14 ከመቶዎቹ አንድ ጊዜም አልደወሉም። በ2016 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ 1,437 ሰዎች ላይ በኤሌክትሮኒክ ሚዛን፣ በግፊት መለኪያና በነርስ ስልክ ተሞከረ፤ በስድስት ወር ውስጥ ተመልሶ መተኛትን አልቀነሰም።

ከዚያ በ2018 የጀርመኖቹ መጣ። መሣሪያው የሚያስደንቅ አልነበረም፤ ሚዛን፣ ግፊት፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ንባብ)፣ ኦክስጅን፣ ያው የምታውቁት። ልዩነቱ በርሊን ሻሪቴ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪምና ነርስ ሌት ተቀን ቁጥሩን እያዩ፣ በዚያው ሰዓት እየደወሉ፣ መድኃኒት እያስተካከሉ፣ ከሰፈሩ ሐኪም ጋር እየተነጋገሩ መሥራታቸው ነው። 1,538 ሰዎች አንድ ዓመት ተከታተሏቸው። ባልታቀደ የሆስፒታል መተኛት ወይም በሞት ያጡት ቀን በዓመት ከ24.2 ወደ 17.8 ወረደ። የሞቱትም ቁጥር አነሰ፤ በዓመት ከ100 ሰው 11 ገደማ የነበረው ወደ 8 ገደማ። ጀርመን ከዚያ በኋላ በጤና መድን የሚከፈልበት ሕክምና አደረገችው፤ እዚያ ያላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የዞሉም መሣሪያ ጥናት አለው፦ ማንቂያውን ሐኪም ሲጠቀምበት በ90 ቀን ውስጥ ተመልሶ የመተኛት ዕድል በ38 ከመቶ ያነሰ ነበር። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ታካሚዎቹ ግን በዕጣ አልተመደቡምና እኔ ትንሽ ቀንሼ ነው የማየው።

ስለዚህ ክሊኒኩ መሣሪያ ሲሰጣችሁ ስለ መሣሪያው ብዙ አትጠይቁ። ይሄን ጠይቁ፦ ቁጥሩን ማን ያየዋል? ቅዳሜና እሑድስ? ችግር ካየ መድኃኒት የመቀየር ሥልጣን አለው? «ሲስተሙ ያየዋል» ካሏችሁ እንጃ፣ እኔ ብሆን አልረካም።

ማንቂያ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?

እንደውላለን። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ምን በሉ፣ የትኛው ክኒን ተዘለለ፣ ምን አዲስ መድኃኒት ተጀመረ። ሦስተኛው ላይ ነው ብዙ ጊዜ ጉዱ የሚወጣው። ጉልበታቸውን አሟቸው፣ ዘመድ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣውን ዲክሎፌናክ እየዋጡ ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ልቡ የደከመ ሰው ባይነካቸው ነው የሚሻለው። መድኃኒቱ ሲቆም በሳምንቱ መስመሩ ወደ ቦታው የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ውሃ ይዟል ከተባለ ሐኪሙ ላዚክሱን፣ ማለትም የውሃ ክኒኑን፣ ለጥቂት ቀን ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየምና ኩላሊት በደም ይታያል። በራሳችሁ ፓቹን አይታችሁ ላዚክስ አትጨምሩ። ሰውነት ከደረቀም የልብ ምት ይፈጥናል፤ በስክሪን ላይ ሁለቱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

ስማርት ሰዓት ልግዛላትና ይበቃል?

ሰዓት መጥፎ አይደለም። አፕል ዎች ከ2018 ጀምሮ ኢሲጂ ያነሳል፣ የላይኛው የልብ ክፍል ምት ሲዛባ ሊጠቁም ይችላል፤ ይሄ የምት መዛባት ደግሞ በልብ ድካም ታካሚዎች ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ለስትሮክም ያጋልጣል። እርምጃ መቁጠሩን እኔ የበለጠ እወደዋለሁ። ከወር በፊት በቀን 4,000 እርምጃ ይሄድ የነበረ ሰው ሳያውቀው 1,500 ላይ ከወረደ አንድ ነገር አለ።

ሳንባ ውስጥ ውሃ እንዳለ ግን ሰዓት አያውቅም። መረጃውም የሚሄደው ወደ እናንተ ስልክ ነው፤ ክሊኒኩ ካልተገናኘበት ማንም አያየውም። ደግሞ በየቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል፤ የ76 ዓመት እናት ስንት ቀን ቻርጅ ታደርገዋለች ብላችሁ ነው? ብዙ ሰዓቶች መሳቢያ ውስጥ አይቻለሁ።

ጥቁር ቆዳ ላይ በትክክል ይሠራል?

መጠየቅ ያለበት ነው። ጣት የሚነክሰው የኦክስጅን መለኪያ የሚሠራው በብርሃን ነው፤ የቆዳ ቀለም ብርሃኑን ይነካዋል። በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ያሳየው፣ መለኪያው ከ92 እስከ 96 ሲል በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ሆኖ የተገኙት ጥቁር ታካሚዎች 11.7 ከመቶ፣ ነጮቹ ደግሞ 3.6 ከመቶ ነበሩ። ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ 94 አለ ብላችሁ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ቤት አታስቀምጡት። የሰዓት ኦክስጅን መለኪያም በብርሃን ነው የሚሠራው።

ደረት ላይ ያለው ፓች ግን የልብን ምት የሚያነበው በኤሌክትሪክ ነው፤ ቀለም አያውቅም። ሚዛንም እንደዚያው።

ፓች ካለ ጠዋት ጠዋት መመዘኑ ይቅር?

አይቅር። ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በአንድ ዓይነት ቀላል ልብስ፣ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠንካራ ወለል ላይ። በአንድ ቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ፣ ወይም በሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ደውሉ። ፓውንድ ለለመዳችሁ፣ በቀን 2 ወይም 3፣ በሳምንት 5። አንድ አባት ኖቬምበር ላይ በአንድ ሌሊት ጨምረው አስደነገጡኝ፤ ብርድ ስለገባ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ሚዛን ላይ ወጥተው ነው።

ሚዛን ብቻውን ደግሞ ያታልላል። የምግብ ፍላጎት ጠፍቶ ሥጋው እየቀነሰ ውሃው ሲጨምር ቁጥሩ ባለበት ይቆማል። ፓቹ የሚጠቅመው እዚያ ላይ ነው።

ጾምና በዓልስ?

የእኛ ሰዎች መስመር የበዓል ካላንደር ነው፤ ከፋሲካ ማግስት እስከ ረቡዕ ስልኬ አያርፍም። ጨዉ ያለው ወጡ ውስጥ ብቻ አይደለም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አለው፣ ሽሮው አለው፣ ሚጥሚጣው አለው፣ ከዚያ ወጥ ሠሪዋ ደግሞ ቀምሳ «ጨው አነሰው» ትላለች። በርበሬና ሽሮ ከአገር ቤት የምታስመጡ፣ ጨው ሳይገባበት ይዘጋጅ በሉ። ምግብ ቤት የምትበሉት ላይ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ መጠኑን ቀንሱ።

ጾም ላይ ችግሩ ሌላ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም የሚሉ ሰዎች የጠዋቱን ክኒን አብረው ይተዉታል። ሳይነግሩን። ሙስሊም ታካሚዎቼም ረመዳን ላይ እንዲሁ። ብትነግሩን ሰዓቱን ማሸጋሸግ የሚቻልበት መንገድ ሊኖር ይችላል፤ ጾሙ የማይቻልበት ሁኔታም አለ፣ ያንንም በግልጽ እንነግራችኋለን። ጸበል የሚጠጡም ስንት ሊትር እንደሆነ ይንገሩን፤ የጠጣችሁት ሁሉ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። አንዲት እናት «ጸበል እኮ ውሃ አይደለም» ብለውኝ ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ ነበር።

ማን ነው የሚከፍለው?

አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር ከርቀት ለሚደረግ ክትትል ይከፍላል። አብዛኛውን ጊዜ 80 ከመቶውን እሱ፣ 20ውን እናንተ ወይም ተጨማሪ መድናችሁ ነው። ለመሣሪያው ለመክፈል ለዓመታት በ30 ቀን ውስጥ ቢያንስ የ16 ቀን መረጃ ይጠይቅ ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ ለአነስተኛ ቀናትም መክፈያ መንገድ ተከፍቷል። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው ሜዲኬይድ እንደየስቴቱ ይለያያል።

የእኛ ሰው ችግር ከዚህ በፊት ነው። ወላጆች በልጅ በኩል ግሪን ካርድ ይዘው ይመጣሉ፤ እዚህ ሠርተው ግብር ስላልከፈሉ 65 ቢያልፋቸውም አምስት ዓመት ሳይኖሩ ሜዲኬር መግዛት እንኳ አይችሉም። እነሱ እስከዚያ ምን ዓይነት መድን እንደሚያገኙ የክሊኒኩን ሶሻል ወርከር ጠይቁ። ነውር የለውም፣ ሥራዋ ነው።

አዲስ አበባ ላለች እናቴ ፓች ወይም ሰዓት ልላክላት?

በሳምንት ሦስቴ የምጠየቀው ይሄ ነው። መልሴ ብዙ ጊዜ አይሆንም ነው። ፓቹ ያለ ኩባንያው ሲስተም ፕላስተር ነው። የሚያየው ሰው ከሌለ ደግሞ ጭንቀት መላክ ነው፤ ሌሊት ሲጮህ እናንተ ሜሪላንድ ትነቃላችሁ፣ እሷ ቦሌ ትነቃለች፣ መድኃኒት የሚያስተካክል ሐኪም ግን አብሮ አይነቃም።

ለአንድ ሰዓት የምታወጡትን ገንዘብ እንዲህ አድርጉት። አንድ ደህና ዲጂታል ሚዛን፣ አንድ የክንድ ግፊት መለኪያ፣ አንድ ደብተር። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ መመዘን ክትትል አይደለም፣ ጫማና ካፖርት አለበት። ቤት ውስጥ ያለ አንድ ሰው፣ የወንድም ልጅም ቢሆን፣ ጠዋት ቁጥሩን ጽፎ በቴሌግራም ፎቶ ይላክ። ከዚያ የሚከታተላትን ሐኪም «ክብደቷ ይሄን ያህል ከጨመረ ምን እናድርግ?» ብላችሁ መልሱን አስጽፉ። የተረፈው ገንዘብ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ እንዲገዛ ይሁን።

አገር ቤት በሽታውም የተለየ መልክ አለው። በ2012 የታተመ፣ ኢትዮጵያ ያለችበት የዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች ጥናት 1,006 ታካሚዎችን አይቶ አማካይ ዕድሜያቸው 52 ነበር። ዋነኛው መነሻ የደም ግፊት ነው፤ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸውም ብዙ ነው። ለቫልቭ ሕመምተኛ ወጣት፣ በየሦስት በየአራት ሳምንቱ የምትወጋው የፔኒሲሊን መርፌ እንዳትቋረጥና ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) በጊዜው መታየቱ ከየትኛውም ሰዓት ይበልጣል።

ሻወር፣ ማሳከክ፣ ቅባት?

አጭር ሻወር ለአብዛኞቹ ችግር የለውም፣ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ አይሆንም፤ ጸበል ለመጠመቅም ቀድማችሁ ጠይቁን። የሚለጠፍበት ቦታ ላይ ቅባት አትቀቡ፣ አይይዝም። ካሳከከ ቦታውን መቀያየር ይቻላል፤ ቆዳው ከተላጠ ንገሩን እንጂ ዝም ብላችሁ አትቻሉት። ኤምአርአይ ካለ ይነሳል።

ይሰልለናል?

ካሜራ የለውም፣ ድምፅ አይቀዳም። ክሊኒክ የሰጣችሁ መሣሪያ መረጃ በጤና ምስጢር ሕግ ይጠበቃል። ከሱቅ የገዛችሁት ሰዓት ግን ባብዛኛው በዚያ ሕግ አይሸፈንም፤ ስትገዙ «እስማማለሁ» ያላችሁትን አንብቡት። ማንም አያነበውም፣ አውቃለሁ።

መሣሪያውን ትቼ አምቡላንስ የምጠራው መቼ ነው?

ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከተጨነቀ፣ ራሱን ከሳተ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ ሮዝ አረፋ ያለው ሳል ከመጣ። ወዲያው 911፤ አዲስ አበባ ከሆነ የቀይ መስቀል 907፤ እስራኤል 101። ፓቹ ምንም አላለም ብላችሁ አትጠብቁ። ለእኔም መጀመሪያ አትደውሉ፤ ስልኬን ላላነሳው እችላለሁ።

እማዬ ፓቹን አውልቃ መሶብ ላይ አስቀምጣዋለች። ምን ላድርግ?

ሐቀኛ ጥያቄ ነው፣ የእውነት ደርሶኛል። መሶብ የልብ ምት ስለሌለው እኛ ጋ መስመሩ ጠፍቶ ነበር፤ ልጅቷ ስትደውል እኔም ቁጥሯን እየፈለግሁ ነበር። አንዴ የተነሳ ፓች ማጣበቂያው ያልቃልና በፕላስተር መልሳችሁ አትለጥፉት፤ አዲስ እንልካለን። ለምን እንዳወለቀችው ግን ጠይቋት። ያቺኛዋ እናት ያወለቁት ቁርባን ሊቀበሉ ስለነበር ነው፤ «ባዕድ ነገር ይዤ አልቀርብም» ብለው። የንስሐ አባታቸውን አናገርን፣ ችግር የለውም አሉ፣ ከዚያ ወዲህ አላወለቁትም።